ለትዳር ጓደኛ ኩላሊት መለመን ይገባልን?

የኩላሊት ሕመምተኛን ለማሳከም ገንዘብ መለመን ዛሬ በከተሞቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። የታማሚው ፎቶግራፍ በመኪና ላይ ተለጥፎ፣ በድምፅ ማጉያ «የወገን ያለህ» ሲባል ያልሰማ ጥቂት ነው። ይህ ልመና በአደባባይ የሚደረግ ስለ ሆነ የሚሰጠውም ሰው ሰጥቶ ያልፋል፤ የማይሰጠውም አንገቱን ደፍቶ ያልፋል፤ ማንም ማንን አይታዘብም። ከዚህ ሌላ ግን በቤት ውስጥ፣ በዘመዳሞች መካከል፣ አንዳንድ ጊዜም ያለ አንዳች ቃል በዓይን ብቻ የሚደረግ ልመና አለ። ይኸውም ሚስት ለታመመ ባሏ፣ ባልም ለታመመች ሚስቱ ከዘመድ ኩላሊት የሚለምኑት ልመና ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ጥያቄ ይህ ነው፤ ባለ ትዳር ሰው የትዳር ጓደኛውን ሕይወት ለማትረፍ ሲል ከሌላው ሰው የአካሉን ክፍል መጠየቅ ይገባዋልን? የሚገባው ከሆነስ አጠያየቁ እንዴት ያለ መሆን አለበት?

ውድ አንባብያን፣ ይህ ጥያቄ ለሐኪሞችና ለነገረ መለኮት ሊቃውንት ብቻ የሚተው እንዳይመስለን። በየቁምስናው የሚያገለግሉ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የታመመ ሊጠይቁ በሄዱበት ቤት «እባካችሁ፣ እናንተን ያከብራችኋልና ለወንድሙ ንገሩልን» ሊባሉ ይችላሉ። በዚያች ሰዓት የሚሰጡት መልስ የአንድን ቤተሰብ ሰላም ለብዙ ዓመታት የሚያንጽ ወይም የሚያፈርስ ነው።

በብዙ የውጭ አገሮች ንቅለ ተከላ መጠበቅ ማለት በመዝገብ ላይ ተጽፎ፣ በድንገት ከሞተ የማይታወቅ ሰው የሚገኘውን አካል በተራ መጠበቅ ነው። ባልና ሚስቱ ስልኩን በራስጌያቸው አድርገው ያድራሉ። ይህም ራሱን የቻለ የኅሊና ጭንቀት አለው፤ ለራስ ሰው ሕይወት መመኘት ሳይታወቅ የሌላውን ሰው ሞት ወደ መመኘት እንዳያዘነብል ያሠጋልና። በእኛ አገር ግን ነገሩ ሌላ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተሠራው በመስከረም ወር 2008 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሲሆን፣ የአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች አብረው ሠርተዋል። ከዚያ በፊት አቅም ያለው ወይም ወገን የረዳው ታማሚ ለጋሹን ይዞ ወደ ሕንድና ወደ ሌሎች አገሮች ይሄድ ነበር፤ ዛሬም የሚሄድ አለ። በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ማዶ፣ የእኛ ሰው ኩላሊት ያገኘው ከሕያው ዘመድ ነው። ስለዚህ ከመቐለ ተነሥቶ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው አዲስ አበባ ለሚሄድ ታማሚ፣ ተራ የሚያስጠብቀው መዝገብ የዘመዶቹ ፊት ነው። ማን ይሰጠኛል ብሎ የእናቱን፣ የእኅቱን፣ የወንድሙን ፊት ያያል። እርሱ ማየት ቢያፍር እንኳ ሚስቱ ታያለች።

እስከዚያው ድረስ ታማሚውን በሕይወት የሚያቆየው የደም እጥበት ነው። እጥበቱ በሚገባ ይደረግ ቢባል በሳምንት 3 ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ጊዜ 4 ሰዓት ያህል ከመኪናው ጋር ተያይዞ መተኛትን ይጠይቃል። በእነዚህ ቀናት መካከል ያለው ኑሮ ግን በሚስቲቱ እጅ ነው። ውኃው በብርጭቆ ተለክቶ ይሰጣል፤ ጨው ከወጡ ይወጣል፤ ሙዝና ብርቱካን ይከለከላል፤ ድንች ተልጦ በውኃ ይዘፈዘፋል፤ የድኻ መጽናኛ የሆነው ሽሮ እንኳ በመጠን ይሆናል፤ ፖታስየምና ፎስፎረስ የሚባሉት ንጥረ ነገሮች የደከመ ኩላሊት ባለበት ሰው ደም ውስጥ ሲጠራቀሙ አደገኞች ናቸውና። ቡና በተፈላ ጊዜ ከአወል እስከ በረካ ተቀምጦ መጠጣት የጉርብትና ሕግ በሆነበት ከተማ፣ ባልየው አንዲት ስኒ ተቀብሎ ከንፈሩን ብቻ ያረጥባል። ሚስቱም ስኒዋን ጨልጣ ለመጠጣት ታፍራለች። በዚህ ሁኔታ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፋሉ። አብሮ መጠበቅ ማለት ይህ ነው፤ ታላላቅ ቃላት የሚነገሩበት ጊዜ ሳይሆን ውኃ የሚለካበት ጊዜ ነው። በዚህም መካከል ፍቅር ወደ ዘብ ጠባቂነት እንዳይለወጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ባሏ በድብቅ አንድ ብርጭቆ ውኃ መጠጣቱን የደረሰችበት ሚስት እንደ ሌባ ብትይዘው፣ የሚያጣው ከውኃው የበለጠ ነገር ነው፤ በቤቱ ውስጥ የነበረውን የባልነትና የአባትነት ክብር ያጣል።

መቐለ ደግሞ ከሌሎች ከተሞች የተለየ ትዝታ አላት። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት መንገድ፣ ባንክና ስልክ ተዘግተው በነበሩባቸው ወራት፣ በዓይደር ሆስፒታል ለእጥበት የሚያስፈልገው መድኃኒትና ዕቃ አለቀ። የእጥበቱ ጊዜ ተቀነሰ፤ ለአንድ ጊዜ የተሠራውን ማጣሪያ ደጋግሞ መጠቀም ግድ ሆነ፤ ከታማሚዎቹም የሞቱ ሞቱ። ሐኪሞቹና ነርሶቹ ያለ ደመወዝ ይሠሩ ነበር። አዲስ አበባ ወይም ከዚያ ወዲያ ወንድም ያለው ታማሚ ወንድሙን መለመን ቀርቶ መታመሙን እንኳ ሊነግረው አልቻለም። የትዳር ጓደኞቻቸውን በዚያ ጊዜ ያጡ ከእኛ መካከል አሉ፤ ስለ መጠየቅና ስለ አለመጠየቅ ስንጽፍ፣ ጥያቄው ከነጭራሹ ያልተፈቀደላቸው እነርሱ መኖራቸውን አንዘነጋም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንግባ። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ «የእኔን ውሰዱ» የምትለው ሚስት ናት። ባልና ሚስት በደም አይዛመዱምና የሚስት ኩላሊት ለባል አይስማማም የሚል ግምት በሕዝቡ ዘንድ አለ። ግምቱ ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. በአሜሪካ ታትሞ የወጣው የፖል ቴራሳኪና የባልደረቦቹ ጥናት እንዳሳየው፣ ከትዳር ጓደኛ ከተሰጡት ኩላሊቶች ከመቶ 85 ያህሉ ከ3 ዓመት በኋላ በደኅና ይሠሩ ነበር፤ ይህም ከወላጆች ከተሰጡት አያንስም። የደም ዓይነት ከገጠመና ሌላው ምርመራ ከፈቀደ፣ በተክሊል አንድ ሥጋ የሆኑት በሐኪም ቤትም አንድ ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። ሆኖም አንድ ነገር አለ። ሴት ስትፀንስ ሰውነትዋ ከባልዋ ወገን የመጣውን የሕፃኑን አካል ባዕድ መሆኑን ሊለይና የሚቃወም ነገር በደምዋ ውስጥ ሊያበጅ ይችላል። ያን ጊዜ የባልዋን ኩላሊት ለመቀበል የፈለገች እናት፣ ለባልዋ የወለደቻቸው ልጆች ራሳቸው መቀበሉን ሊከለክሏት ይችላሉ። ይህን ከሐኪሙ አፍ የምትሰማ ሴት ምን እንደሚሰማት ለማሰብ እንኳ ይከብዳል።

በዚህ አጋጣሚ ሳንናገር የማናልፈው ነገር አለ። በዓለም ዙሪያ ሲታይ ከሕያዋን ለጋሾች መካከል የሚበዙት ሴቶች ሲሆኑ፣ ከተቀባዮች መካከል የሚበዙት ወንዶች ናቸው። ሚስት ለባል ስትሰጥ የሚታየው፣ ባል ለሚስት ሲሰጥ ከሚታየው ይበልጣል። ለዚህ የሕክምና ምክንያት ጥቂት ይኖረው ይሆናል፤ ነገር ግን ሴትን ሁሉን እንድትሰጥ፣ ወንድን ሁሉን እንዲቀበል አድርጎ ያሳደገ ልማድም አለበት። «እርሱ የቤቱ ምሰሶ ነው» ተብሎ የሚስት ወይም የእኅት ኩላሊት እንደ ተገባ ነገር ሲቆጠር ብናይ፣ ይህን ፍቅር ብለን ከመጥራታችን በፊት ሚስቲቱ ብትታመም ኖሮ ባልየው ምን ያደርግ ነበር ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ቤተ ክርስቲያን ስለዚህ ነገር የምታስተምረው ትምህርት ባንድ ቀን የተገኘ አይደለም። ቀድሞ ከነገረ መለኮት መምህራን ብዙዎቹ፣ ሰው ከአካሉ አንዱን ክፍል ቆርጦ መጣል የሚፈቀድለት የገዛ አካሉን ለማዳን ብቻ ነው፣ ለሌላው ሲባል ጤነኛ አካልን ማጉደል አይገባም ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 ዓ.ም. በርት ካኒንግሃም የተባሉ የላዛሪስት ማኅበር ካህን በዋሽንግተን በካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የድግሪ ጽሑፍ፣ ሰዎች እርስ በርሳቸው በፍቅር የተያያዙ በመሆናቸው ለባልንጀራ ሲባል የአካልን ክፍል መስጠት ሊፈቀድ ይችላል ብለው ተከራከሩ። (አባታችን አቡነ ያዕቆብ የዚሁ ማኅበር ልጅ እንደ ነበሩ አንባብያን ያውቃሉ።) ክርክሩ የቀረበው የመጀመሪያው የተሳካ ንቅለ ተከላ ከመሠራቱ 10 ዓመት አስቀድሞ ነበር። በኋላ ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ነሐሴ 23 ቀን 1992 ዓ.ም. በሮማ ለተሰበሰቡት የንቅለ ተከላ ሐኪሞች ባደረጉት ንግግር፣ አካልን ያለ ዋጋ መስጠት እውነተኛ የፍቅር ሥራ መሆኑን ገልጸው፣ ለጋሹ ግን ነገሩን በሚገባ ተረድቶ በገዛ ፈቃዱ የወሰነ መሆን እንዳለበት፣ አካልም እንደ ሸቀጥ ሊገበያይ እንደማይችል አስገንዝበዋል። ስለዚህ መስጠት መልካም ነው፤ ነገር ግን መልካምነቱ ያለው በፈቃድ መሆኑ ላይ ነው። ፈቃዱ ከጐደለ የቀረው ነገር ሥጋ ቈርጦ መውሰድ ነው።

እንግዲህ መጠየቅስ? በእኛ አስተያየት መጠየቅ ይፈቀዳል፤ እንዲያውም አለመጠየቅ የሚያስወቅስበት ጊዜ አለ። ይሉኝታ የያዛቸው ብዙ ባለ ትዳሮች የጓደኛቸውን ሕመም «ትንሽ ጨጓራ ነው» እያሉ ይደብቃሉ። አሥመራ ወይም አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ያለው ወንድም ነገሩን የሚሰማው በመርዶ ይሆናል። እርሱም እድሜውን ሙሉ «ቢነግሩኝ ኖሮ» እያለ ይኖራል። ችግርን መደበቅ የሰጪውን ነጻነት መጠበቅ አይደለም፤ ሊሰጥ የሚችልበትን ዕድል መንጠቅ ነው። ስለዚህ ሚስት እውነቱን ለዘመድ ሁሉ በግልጽ ትንገር፤ ሐኪሙ ያለውን፣ ጊዜው ምን ያህል እንደ ሆነ፣ ለጋሹም የሚደርስበትን አደጋ ሳትሸሽግ ትንገር። አደጋው አለ። በአሜሪካ በተደረገ ሰፊ ጥናት ከ10,000 ኩላሊት ለጋሾች መካከል 3 ያህሉ በቀዶ ሕክምናው ምክንያት መሞታቸው ታውቋል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ጤነኛ ሆኖ ወደ ሐኪም ቤት ለገባ ሰው ትንሽ የሚባል ሞት የለም። የቀረችው ኩላሊት ሥራዋን አብዝታ የሁለቱን ድርሻ በአብዛኛው ትሸፍናለች፤ ሆኖም ለጋሹ ዕድሜውን ሙሉ ደም ግፊቱንና ኩላሊቱን መመርመር አለበት።

ከዚህ በላይ መሄድ ግን አይገባም የምንለው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ሽማግሌ መላክ ነው። በአገራችን ሽማግሌ የሚላከው ልጅ ለማጨት፣ የተጣላን ለማስታረቅ፣ ደም ለማድረቅ ነው። ሽማግሌ የገባበት ጉዳይ እምቢታ የሚያሳፍርበት ጉዳይ ነው። ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ካህን አስቀድመው፣ «እግር ላይ እንወድቃለን» እያሉ የመጡ ሰዎችን ባዶ እጃቸውን የሚመልስ ማን ነው? የሽምግልና ኃይሉና ጥቅሙ ይህ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ግን አደጋውም ይህ ነው። ለዕርቅ ሲባል በይሉኝታ እሺ ያለ ሰው፣ ከጊዜ በኋላ ልቡ እሺታውን ሊከተል ይችላል። በይሉኝታ ኩላሊቱን የሰጠ ሰው ግን ልቡ ባይከተል መመለሻ የለውም። ስለዚህ ካህንም ሆነ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ወደ ታማሚው ወንድም ቤት ኩላሊት ለመለመን ተላክ ቢባል፣ በትሕትና እንቢ ማለት ይገባዋል። ይልቁንም ወንድምየው ራሱ መጥቶ «ፈርቻለሁ፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ መፍራት ኃጢአት አለመሆኑን የሚነግረው ሰው ሆኖ ይገኝ።

የአገራችን ሕግም በዚህ ነገር ከብዙዎች ግምት ይልቅ ጥበብ ያለበት ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 19፣ ከአካሉ ክፍል ለመስጠት ቃል የገባ ሰው ይህን ቃሉን በማንኛውም ጊዜ ሊሽር እንደሚችል ይደነግጋል። ቃሉን የተቀበለው ሰው ሊጠይቅ የሚችለው በተስፋው ምክንያት ያወጣውን ወጪ ብቻ ነው። ንቅለ ተከላ በአገራችን ከመታሰቡ በፊት የተጻፈ ሕግ ነው። ሌላ ውል ሁሉ ሲያስገድድ የአካል ስጦታ ግን እስከ ቀዶ ሕክምናው ደጃፍ ድረስ ነጻ ነው። ይህን ለጋሽ ሊሆን ያሰበ ሰው ሁሉ ቢያውቀው መልካም ነው፤ ወደ ኋላ መመለስ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ወደ ፊት የሚሄደው በእውነተኛ ፈቃዱ ነውና።

ደግሞ ሊረሳ የማይገባው ሌላ ሰው አለ። የታማሚው ወንድም ሚስት ያገባ ከሆነ፣ የእርሷም ድምፅ አለበት። የታማሚው ሚስት ለባልዋ ስትለምን፣ ያቺኛዪቱም ለባልዋ ትሠጋለች። ሁለቱም የሚጠብቁት አንድ ዓይነት ኪዳን ነው። ብዙ ጊዜ በዘመድ መካከል «እርሱ ሊሰጥ ነበር፣ እርሷ ናት የከለከለችው» የሚል ወሬ ይነሣል። እንዲህ ስንል ለአንዲቱ ሚስት ታማኝነት ብለን ያመሰገንነውን ፍቅር በሌላይቱ ላይ ክፋት ብለን እንጠራዋለን። ትናንሽ ልጆች ያሉት አባት ቀን ሠራተኛ ቢሆን፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለሳምንታት ከባድ ነገር ማንሳት ስለማይችል የልጆቹን እንጀራ ማን ይሸፍናል? ይህን ሳያስቡ መለመን ከአንዱ ቤት ወስዶ ለሌላው ቤት መስጠት ነው።

ስለ ሐኪሞችም አንድ ነገር እንናገር። በብዙ አገሮች ያሉ የንቅለ ተከላ ሐኪሞች ለመስጠት የመጣውን ዘመድ ብቻውን፣ በሩን ዘግተው ያነጋግሩታል። በልቡ የማይፈልግ መሆኑን የነገራቸው እንደ ሆነ፣ ለቤተሰቡ «ለመስጠት ብቁ ሆኖ አልተገኘም» ብለው ይመልሳሉ፤ ምክንያቱን አይገልጡም። ይህ ውሸት አይደለምን? ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ሐኪሙ የሌለ በሽታ ፈጥሮ ቢናገር ውሸት ነው። ነገር ግን ለመስጠት የሚያበቃው የደምና የሥጋ ጤንነት ብቻ ሳይሆን ፈቃድም ከሆነ፣ ፈቃዱ የሌለው ሰው ብቁ አይደለም መባሉ እውነት ነው። የታማሚው ሚስት ከዚህ በላይ ለማወቅ መመርመር የለባትም። በተዘጋው በር በስተጀርባ የተነገረው ነገር እዚያው ይቅር።

እምቢ ያለው ዘመድ ከዚያ በኋላ እንዴት ይኖራል? በዚህ ላይ የሚደርሰው በደል ብዙ ነው። በሠርግና በክርስትና ዝግጅት ይረሳል፤ ልጆቹ ከልጆች ይለያሉ። ታማሚው ቢሞት ደግሞ በለቅሶው ድንኳን እንደ ነፍሰ ገዳይ የሚያዩት አሉ። ወንድሙን የገደለው በሽታው ነው እንጂ እርሱ አይደለም። ኩላሊት አልሰጥም ያለ ሰው የወሰደው ነገር የለም፤ የራሱን ብቻ ይዞ ቀረ። ይህን ለለቀስተኛው ሊያሳይ የሚችለው ከማንም ይልቅ የሟቹ ሚስት ናት። እርሷ ተነሥታ አጠገብዋ ስፍራ ብትሰጠው፣ ሌላው ሁሉ ዝም ይላል።

ስለ ሽያጭ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ባሏ በዓይንዋ ፊት እየቀለጠ ያለች ሚስት ደላላ ቢያገኛት መፈተንዋ አይቀርም፤ ፈተናዋን አንንቅም። ነገር ግን በገንዘብ የሚገዛው ኩላሊት የሚወጣው ዘወትር ከድኻ ሰውነት ነው። የአገራችንም ሕግ ይከለክለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. በኢስታንቡል የተሰበሰቡ የዓለም ሐኪሞችም አውግዘውታል።

እስካሁን ስለ ለጋሹ ነጻነት ተናገርን። ተቀባዩስ? ብዙ ታማሚዎች ሲሰጧቸው አልቀበልም ይላሉ። የመጀመሪያው የተሳካ ንቅለ ተከላ የተሠራው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ (ዲሴምበር) 23 ቀን 1954 ዓ.ም. በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ሲሆን፣ ሰጪው ሮናልድ ሄሪክ፣ ተቀባዩም መንታ ወንድሙ ሪቻርድ ነበሩ። በዋዜማው ሌሊት ሪቻርድ ለወንድሙ ብጣሽ ወረቀት ጽፎ ከዚህ ውጣና ወደ ቤትህ ሂድ ብሎ ላከበት፤ ሮናልድም እዚሁ ነኝ፣ አልሄድም ብሎ መለሰለት። በእኛ አመለካከት ያ ወረቀት ከቀዶ ሕክምናው ያላነሰ ዋጋ አለው። ተቀባዩ ሰጪውን ነጻ አወጣው፤ ሰጪውም ነጻ ሆኖ ሳለ ቀረ። ሚስት ባልዋን ልትረዳበት የምትችለው አንዱ መንገድ እንዲህ ያለ ቃል ለወንድሙ እንዲናገር ማድረግ ነው፤ ወንድሙም ይህን ቃል ሰምቶ ከቀረ፣ ባልዋ ያለ ኀፍረት እንዲቀበል ማበረታታት ነው። መቀበል ለኩሩ ሰው ከመስጠት ይከብዳል። ጌታችንም እግሩን ሊያጥብለት በቀረበ ጊዜ ጴጥሮስ መጀመሪያ እምቢ እንዳለ እናስታውሳለን።

የቀዶ ሕክምናው ዕለት በሁለት ክፍል ሁለት ሰዎች ይተኛሉ። ሚስት ወደ ማን ትሩጥ? ልብዋ ወደ ባልዋ ይሮጣል፤ ዘመዱም ሁሉ አዲሱ ኩላሊት ሽንት አወጣ ወይ እያለ በእርሱ በር ላይ ይሰበሰባል። ጤነኛ ሆኖ ገብቶ ቍስለኛ ሆኖ የተኛው ለጋሽ ግን ብቻውን ይቀራል፤ የእርሱ ሕመም ብዙ ጊዜ ከተቀባዩ ሕመም የበረታ ነው። በቦስተን ሮናልድ ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ ወደ ፊት የሕክምናው ኃላፊነት የማን ይሆናል ብሎ ጠይቆ ነበር። ኩላሊቱን የሚያወጡት ሐኪም ሃርትዌል ሃሪሰን ሕጋዊ ኃላፊነት እንደሌለ ከነገሩት በኋላ፣ በዚህ ክፍል ካለነው መካከል ብትቸገር እምቢ የሚልህ ያለ ይመስልሃልን? ብለው መለሱለት። ከቁምስናው ሰው አብሮ አዲስ አበባ የሚሄድ ቢገኝ፣ በለጋሹ አልጋ አጠገብ ይቀመጥ ብለን እንመክራለን።

ወደ መቐለ ከተመለሱ በኋላ የሚስት ሥራ ያለቀ ይመስላል፤ ግን ዓይነቱ ይለወጣል እንጂ አያልቅም። ሰውነት ባዕዱን ኩላሊት እንዳይጥለው የሚከላከሉት መድኃኒቶች፣ እነ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን፣ ኩላሊቱ እስካለ ድረስ ይወሰዳሉ። ዋናው በየ12 ሰዓቱ ስለሚዋጥ፣ በዐቢይ ጾምም ሆነ በሌላ ጾም ሰዓቱ አይዘለልም፤ ታማሚ ከጾም ነጻ መሆኑን የማያውቁ ምእመናን ስላሉ መምህራን ይህን ያስረዱ። ፕሬድኒሶሎን ፊትን ያሳብጣል፤ ምግብ ያስጎመጃል፤ ጠባይንም ይለውጣል። ዳነ የተባለው ባል ቍጡ ሆኖ ሲገኝ ሚስት «ይህን ሁሉ የደከምሁት ለዚህ ነው?» ማለትዋ አይቀርም፤ ቍጣው የመድኃኒቱ ሊሆን እንደሚችል ማወቅዋ ይረዳታል። መድኃኒቱ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ሚስት ሌላ አስቸጋሪ ሥራ አለባት፤ እርሱም «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» ሊሉ የሚመጡትን ሁሉ ከደጃፍ መመለስ ነው። ጉንፋን የያዘው አጎት ባልዋን አገላብጦ እንዳይስመው መከልከል በእኛ አገር እንደ ስድብ ይቆጠራል። እባካችሁ አትቀየሟት። በሩቅ ሰላም ብሎ መመለስ በእነዚያ ወራት ከሁሉ የሚሻል የታማሚ ጥየቃ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ውለታው ነው። ውለታ በአገራችን ዕዳ ነው፤ ዕዳ ደግሞ ይከፈላል። የኩላሊት ውለታ ግን በምን ይከፈላል? ለጋሹ ወንድም የርስት ነገር ባነሣ ጊዜ፣ ገንዘብ በተበደረ ጊዜ፣ በባልና በሚስቱ ጠብ መካከል ዳኛ ሆኖ በገባ ጊዜ፣ ማን ደፍሮ እምቢ ይለዋል? ሚስት ራሷ ሰጥታ ከሆነ ደግሞ በጠብ ሰዓት «በእኔ ኩላሊት እየኖርህ» የሚለው ቃል ከአፍዋ እንዳይወጣ ምላስዋን መግታት አለባት። አንድ ጊዜ ከወጣ አይመለስም። ተቀባዩም በበኩሉ ለሰጠው ሰው ሁልጊዜ አጎንብሶ ሊኖር አይገባውም፤ የተሰጠውን ጤና ጠብቆ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ውጦ፣ ሥራውን ሠርቶ ቢኖር ለጋሹ የሰጠው ለዚሁ ነበር።

የተሰጠው ኩላሊትም ለዘላለም አይሠራም። ሪቻርድ ሄሪክ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስታስታምመው የነበረችውን ነርስ ክሌርን አግብቶ፣ ሁለት ልጆች ወልዶ 8 ዓመት ኖረ፤ በኋላም የቀድሞው በሽታ ተመልሶ ሞተ። ዛሬ ከሕያው ሰው የተገኘ ኩላሊት በአማካይ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይሠራል ይባላል። ባልየው በ35 ዓመቱ ቢቀበል፣ በ50ዎቹ ዕድሜው እንደ ገና ወደ እጥበቱ መመለሱ የሚጠበቅ ነው። ያን ጊዜ ሕፃናት የነበሩት ልጆች አድገው ይሆናል። አንዱ መጥቶ «እማዬ፣ የእኔን ይውሰዱ» ይላታል። ቀድሞ ከሌላው እናት ልጅ የለመነችው ሚስት፣ አሁን የምትሰማው እናት ሆና ነው።